ኀፍረት ከክብር ሲበልጥ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግናው የቴሴዎስ ወንድም ሆኜ ዋልሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው «የአልቴዎስ የደም ቂም» አንባቢው ራሱ መንገዱን የሚመርጥበት መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ቴሴዎስ ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ የሆነውን ሚኖታውር ሊገድል ክሬት ደሴት ሄዶ እዚያው ሞቶ ቀርቷል፤ ደሙን የሚመልሰው አልቴዎስ ነው። አልቴዎስ ደግሞ እኔ ነኝ። አቴና የተባለችውን የግሪኮች አምላክ ጠባቂ አድርጌ መረጥሁ።

በእርሳስ የክብርና የኀፍረት ነጥቦቼን እቆጥራለሁ። ኀፍረቱ ከክብሩ ከበለጠ ጀግናው በሕይወት አይቀጥልም። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ የሆሜር ዓለም እኮ እንዲህ ነው! ጀግናው አኪሌስ ከትሮይ ጦርነት የራቀው ቆስሎ አይደለም፤ የጦሩ አለቃ አጋሜምኖን ምርኮኛዋን ብሪሴይስን ሲወስድበት ክብሩ ስለተነካ ነው።

ማምሻውን ወረቀቴ ላይ ክብር 5፣ ኀፍረት 4 ይላል። ገጹን ሳልገልጥ እጄን ጭኜበት ብዙ ቆየሁ። እናቴ «እራት ቀርቧል» ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ።