ከካሊፐሩ በፊት ጠርዙን

ስስ ሰዓት መሰብሰብ ስጀምር የማውቀው ቁጥር ብቻ ነበር። የትኛው ማሽን፣ ማለትም ሰዓቱን የሚያስኬደው የውስጥ ዕቃ፣ ውፍረቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ እንደ ውሃ ነበር የምጠጣው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የስዊሱ የሰዓት ቤት ፒያዤ 9ፒ፣ 2 ሚሊ ሜትር። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው አውቶማቲኩ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው 12ፒ፣ 2.3። በ1907 ለኪስ ሰዓት የተሠራው የሌኩልትር 145፣ 1.38። ካሊፐር ከኪሴ አይጠፋም ነበር። ሰው ሰዓቱን ሲያሳየኝ መጀመሪያ የማደርገው መለካት ነው።

ዛሬ ካሊፐሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። በሱ ፈንታ ሉፕ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር፣ ይዤ ነው የምዞረው። እዚህ ለመድረስ ጊዜም ገንዘብም ወስዶብኛል። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ሚንስክ ውስጥ የተሠራ ሉች የሚባል አሮጌ ሰዓት ነው። ውስጡ ያለው 2209 የሚባለው ማሽን 2.9 ሚሊ ሜትር ነው። ማርሾቹ ሳይፋተጉ እንዲዞሩ የተገጠሙ 23 ድንጋዮች አሉት። እስካሁን እወደዋለሁ፤ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ክዳኑን ከፍታችሁ ስታዩት ምንም አይደብቃችሁም። ሞላው የት እንዳለ፣ ኃይሉ በየትኛው ማርሽ አልፎ ሚዛኑ ጋ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ፍጥነቱን የሚመጥነው ጎማ ጋ፣ እንደሚደርስ በዓይን መከተል ይቻላል። ማርሾቹን ከላይ ደግፈው የሚይዙት ብረቶች ድልድይ ይባላሉ። የኔው ሉች ድልድዮች ጠርዛቸው መቁረጫው እንደተወው ነው የቀረው። ያኔ ጠርዝ የሚባል ነገር መታየት እንዳለበት እንኳን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ነው ያንገበገበኝ። ስስ የወርቅ ሰዓት ነው፣ ያገለገለ፣ በፎቶ አይቼ የገዛሁት። ሻጩ የፊቱን ፎቶ ከየአቅጣጫው ልኮልኛል። የውስጡን አልጠየቅኩም። ማሽኑ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፣ ለኔ ያ በቂ ነበር። ሲደርሰኝ ልቤ ነው የጠፋው። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው በትክክል ይሠራል። እጄ ላይ ሳስረው ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይቆማል። ሳወልቀው ደግሞ ራሱ ይነሳል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደዚህ አደረገኝ።

የማምናቸው ሰዓት ሠሪ አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ብዙም አያወሩም። ወሰድኩላቸው። ክዳኑን ከፈቱና ማሽኑን ሳያዩ ክዳኑን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ሉፑን ሰጡኝ።

«ና ተመልከት» አሉኝ።

በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወጣ ብላ፣ አዲስ ጨረቃ የመሰለች ቅስት ታበራለች። የትንሿን ጣት ጥፍር ታህላለች። የሆነ ነገር ወርቁን ደጋግሞ ሲፍቀው የቀረች ናት። ክዳኑ በዚያ ቦታ በጣም በጥቂቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። በዓይን አይያዝም፣ ጣት ሲያልፍበት ግን ይታወቃል። ሰዓቱን በሞላሁ ቁጥር ከሞላው በላይ ያለው ማርሽ እየዞረ ክዳኑን ይፍቀዋል። ማሰሪያውን ሳጠብቅ ደግሞ ክዳኑ ድልድዩን ይጫነዋል። ማርሽ እንዲዞር ከላይና ከታች ትንሽ መላወሻ ያስፈልገዋል፤ የሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠርበት ክፍተት ነው። ያቺ ስትጠፋ ሰዓቱ ቀጥ ይላል። በወፍራም ሰዓት ቢሆን ክዳኑና ማሽኑ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ጉድጓዱ ማንንም ሳይነካ ይኖር ነበር። እዚህ ግን ትርፍ ቦታ የሚባል ነገር የለም።

በዚህ አላበቃም። የሁለት ብሎኖች ራስ በማይመጥነው ካቻቢት ተበልቷል። አንደኛው ደግሞ በራሱ ቦታ አልነበረም። ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ረጅሙን በአጭሩ ጉድጓድ አስገብቶት፣ ጫፉ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ የሰዓቱን ፊት ከጀርባው ጭሮታል። ካቻቢቱም አምልጦ ድልድዩ ላይ ረጅም ጭረት ጥሏል።

ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ስስ ሰዓት ስገዛ ሦስት ፎቶ ሳላገኝ ገንዘብ አልልክም። የማሽኑ፣ የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ፣ እና የብሎኖቹ ራስ በቅርበት። ሻጭ የመጨረሻውን ሲጠየቅ ካመነታ ትቼው እሄዳለሁ። የብሎን ራስ ማሽኑን እነማን እንደከፈቱት ይናገራል።

ያን ቀን ግን ከብሎኑ የሚበልጥ ነገር አየሁ። ሰዓት ሠሪው ሉፑን እንዳልመልስ በእጃቸው ከለከሉኝና ማሽኑን ወደ መብራቱ አዘነበሉት። «ጠርዙን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። የድልድዩ ዳር ዙሪያውን በ45 ዲግሪ ተልጎ ተወልውሏል። መብራቱ ሲነካው ቀጭን ነጭ መስመር ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሳይቆራረጥ እስከ ሌላው ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ድልድዩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እዚያ ጥግ ላይ ሁለቱ የተላጉ ጎኖች ይገናኛሉ። መገናኛቸው የታጠፈ ወረቀት ውስጥ እንዳለው ስንጥቅ ሹል ነው። ምንም ክብነት የለውም።

«ይሄ የእጅ ነው» አሉ። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ቀላል ነበር። የሚሽከረከር መቁረጫ ክብ ነው፣ ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ውስጥ ሲገባ የራሱን ክብነት ትቶ ይወጣል። ያንን ጥግ ሹል አድርጎ የሚያወጣው ሞረድ የያዘ ሰው ነው። ከሞረዱ በኋላ ውልወላው በእንጨት ነው። የስዊስ ባለሙያዎች በጁራ ተራሮች የሚበቅለውን የጄንሺያን ተክል ደረቅ ግንድ ቀርጸው፣ በማወልወያ ቅባት ነክረው ነው የሚያሹት። ግንዱ ለስላሳ ነው፣ ጥግ ውስጥ ገብቶ ቅርጹን ሳያበላሽ ያበራል።

ቤቴ ስመለስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ራሴ ካልሞከርኩት አይገባኝም አልኩ። ፔዙ 7001 የሚባል ማሽን አለ። 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ1971 ጀምሮ በብዙ ስስ ሰዓቶች ውስጥ ገብቷል። ለመለዋወጫ የሚሸጥ የሞተ አንዱን ገዛሁና ድልድዩን ፈታሁት። ጣቴ ላይ ሳስቀምጠው ከመቅለሉ የተነሳ መኖሩን ተጠራጠርኩ። ናስ ነው፣ ላዩ ተለብጧል። በጣም ደቃቅ ሞረድ ይዤ በሉፕ ሥር ጠርዙን መላግ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ያወጣሁት ነገር ጠርዝ አይባልም። ሞረዱ እጄ ላይ ስለሚወዛወዝ የተላገው ጎን ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ሆዱ ወጣ። በሉፕ ሳየው መብራቱ በመስመር አይሄድም፣ ዳሩ ላይ ይፈስሳል። ላስተካክል ብዬ ስጨምር መስመሩ ሰፋ። በሌላው በኩል ላመጣጥን ስል ደግሞ ወደ ብሎኑ ጉድጓድ ቀረብኩ። ያኔ ነው የስስ ማሽን ጉዳይ የገባኝ። ወፍራም ድልድይ ላይ ብትሳሳቱ ትንሽ ወርዳችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። እዚህ የምትወርዱበት ብረት የለም። እያንዳንዱ የሞረድ ምልልስ ከድልድዩ ጥንካሬ ላይ ይቀንሳል። በ2 ሚሊ ሜትር ማሽን ላይ ጠርዝ የላገ ሰው ባንድ ጊዜ ማግኘት ነበረበት።

በየማታው አንድ ሰዓት እየሰጠሁ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀጥ ያለ ጎን አወጣሁ። ርዝመቱ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ይቸግረኛል። የውስጠኛውን ጥግ ግን እስከ ዛሬ አላወጣሁትም። ድልድዩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሰዓት ለመግዛት ስነሳ መጀመሪያ እሱን በሉፕ አየዋለሁ፣ ዓይኔ ልኩን እንዲይዝ።

ይህን ከሞከርኩ በኋላ ሌላው ቀስ በቀስ መጣ። የጄኔቫ መስመር የሚባለውን፣ በድልድዮቹ ላይ እንደ ታረሰ ማሳ ጎን ለጎን የሚሄደውን ትልም፣ ድሮ ጌጥ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። አሁን ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው ሲሻገር ይገጥማል ወይስ ይሰበራል ብዬ አያለሁ። ብረት ክፍሎች ላይ ደግሞ ጥቁር ውልወላ አለ። ክፍሉ በአልማዝ ቅባት ዚንክ ላይ ታሽቶ ፍጹም ጠፍጣፋ ይደረጋል። በአንድ በኩል ስታዩት ቀለም የተቀባ ይመስል ጥቁር ነው። ትንሽ ስታዘነብሉት ነጭ ብልጭታ ይሆናል። በመካከል ግራጫ ካያችሁ ሥራው አላለቀም። ይህን በፎቶ ማወቅ አይቻልም፤ ሰዓቱን እጅ ላይ ማዘንበል ይጠይቃል።

ዓይንን ለማሠልጠን ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ከአንድ ሥር የወጡ ማሽኖችን ማወዳደር ነው። የሁለት የስዊስ ቤቶች፣ የኦደማር ፒጌ 2003 እና የቫሸሮን ኮንስታንቲን 1003፣ መሠረታቸው የሌኩልትር (የኋላው ጄገር-ሌኩልትር) ሥራ ነው፣ ሁለቱም 1.64 ሚሊ ሜትር ናቸው። ካሊፐር ልዩነታቸውን ሊነግራችሁ አይችልም። በ1967 የመጣው የጄገር-ሌኩልትር 920ም እንደዚሁ ነው። 2.45 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሙሉ ሮተር፣ ማለትም እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሞላውን የሚሞላ ክብደት፣ ያለው አውቶማቲክ ነው። ሮተሩ እንዳይዘነበል ዳሩ በቀለበት ሐዲድ ላይ፣ በሩቢ መንኮራኩሮች ይሄዳል። ጄገር-ሌኩልትር ይህን ማሽን በራሱ ሰዓት ውስጥ አልተጠቀመበትም። ኦደማር ፒጌ 2120፣ ቫሸሮን 1120፣ ፓቴክ ፊሊፕ 28-255 እያሉ ወስደው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እጅ አጠናቀቁት። የ1972ቱ የኦደማር ፒጌ ሰዓት፣ ሮያል ኦክ ውስጥ ያለው ቀን የሚያሳየው ወንድሙ 2121 ነው። የሦስቱን ቤቶች ሥራ ጎን ለጎን ለማየት ዕድል ካገኛችሁ አትለፉት። ቅርጹ አንድ ነው። የጠርዙ ስፋት፣ የሮተሩ አሠራር፣ የብሎኑ ራስ ግን የየቤቱን ጠባይ ያሳያል።

ስለ ስስነት ሪከርዶቹ ብዙ አልልም። በ2018 የታየው የፒያዤ አልቲፕላኖ አልቲሜት ኮንሰፕት መላ ሰዓቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላ ክዳኑ ራሱ የማሽኑ መሠረት ሆኗል። ወርቅ ስለሚታጠፍ ከኮባልት ቅይጥ ሠሩት፣ መስታወቱም 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ2022 ቡልጋሪ 1.80፣ ሪሻር ሚል ደግሞ በዚያው ዓመት 1.75 አመጡ። ምሕንድስናውን ሳስበው አፌን ይዤ ነው የምቀረው። ልቤ የሚሄደው ግን ወደ ሌላኛው መንገድ ነው። ከነዚህ ብዙ ዓመት በፊት፣ በ1976፣ ዣን ላሳል 1200 የሚባል 1.2 ሚሊ ሜትር ማሽን ወጥቶ ነበር። ያን ያህል የሳሳው ድልድዮቹን አስወግዶ ማርሾቹን በኳስ ተሸካሚ (ኩሽኔታ) ላይ ስላቆማቸው ነው። ጠጋኞች ሲያማርሩበት የኖሩ ማሽን ነው። ለኔ ግን ሌላም ነገር ጎደለው፤ ድልድይ ከሌለ የሚላግ ጠርዝ የለም።

ያ የወርቅ ሰዓቴ አሁን ይሠራል። ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ከውስጥ አቃኑት፣ ብሎኑንም በልኩ ተኩ። ድልድዩ ላይ ያለውን ጭረት ላጥፋው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለማጥፋት መስመሮቹን በሙሉ ማውረድ፣ ከዚያ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ድልድዩ ይሳሳል። ጠርዙ ይጠብባል። ያ ሹል ጥግም ቅርጹን ያጣል። ይቅር አልኳቸው። ክዳኑን መልሰው ሲገጥሙት ጭረቱም ጥጉም እዚያው ጎን ለጎን ነበሩ። ማሰሪያውን አሁን አንድ ቀዳዳ አላልቼ ነው የማስረው።