አምስት ኦሊምፒክ

ዛሬ ከሥራ ገብቼ ቡናዬን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ የ2009 እ.ኤ.አ. የሊቤሬትስ ዓለም ሻምፒዮናን የሴቶች 30 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ከፈትኩ። ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ዩክሬናዊቷ ቫለንቲና ሼቭቼንኮ በ33 ዓመቷ ከፖላንዷ ኮቫልቺክና ከሩሲያዋ ሜድቬዴቫ ቀጥላ ነሐስ ወሰደች። ዳገቱን በሁለት ዱላ እየገፉ መውጣት ሲያዩት ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል!

ከናጋኖ 1998 እስከ ሶቺ 2014 አምስት የክረምት ኦሊምፒክ ሄዳለች። አንድም ሜዳሊያ የለም። በየአራት ዓመቱ ባዶ እጅ ተመልሶ እንደገና ልምምድ መጀመር ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? ሶቺ ላይ በ38 ዓመቷ የአገሯን ባንዲራ ይዛ ከፊት የገባችው እሷ ነበረች። እዚህ ጋ እንባዬ መጣ።

ቶሪኖ 2006 ላይ በዚሁ ስፖርት የኛው ሮቤል ተክለማርያምም ነበር፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ነገ የሱን ፈልጌ አያለሁ።