ለንደን ላይ ሞግዚት ነኝ፣ ለክፍያዬም መንግሥት ያዋጣል

ሐዋሳ ለእረፍት ከመጣሁ ጀምሮ ዘመድ ሁሉ ሥራዬን ይጠይቀኛል። ሞግዚት ነኝ ስል ፊታቸው ቅር ይላል። አክስቴማ "ይሄን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ ስታቅፊ ነው የኖርሽው?" አለችኝ። አዎ፣ እሱን ነው ስሠራ የኖርኩት። በሙያዬ እኮራለሁ።

ስጀምር እንደ ብዙ ሐበሻ እጅ በእጅ ነበር የሚከፈለኝ። የደመወዝ ወረቀት የለ፣ ጡረታ የለ፣ ስታመም ቀኔ ይቆረጣል። በኋላ የተቀጠርኩባቸው ባልና ሚስት ግን አስቀምጠው አነጋገሩኝ። "ተመዝገቢ፣ እኛም ድጎማ እናገኛለን፣ አንቺም ይሻልሻል፣ የሥልጠናውን ወጪ እኛ እንችላለን" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሚሠሩ ወላጆች የልጅ እንክብካቤ ድጎማ አለ። ወላጅ በኢንተርኔት አካውንት ይከፍታል፣ 8 ፓውንድ ባስገባ ቁጥር መንግሥት 2 ፓውንድ ይጨምርለታል። ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 2000 ፓውንድ፣ አካል ጉዳት ላለበት ልጅ ደግሞ እስከ 4000 ይደርሳል። ብሩ ከአካውንቱ በቀጥታ ለተንከባካቢው ነው የሚሄደው። የሕፃናት መዋያ ሊሆን ይችላል፣ ቤት የምትመጣ ሞግዚትም ልትሆን ትችላለች፣ ሞግዚቷ ግን ኦፍስቴድ በሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተመዘገበች መሆን አለባት።

ለመመዝገብ የሕፃናት የመጀመሪያ ርዳታ ሠለጠንኩ፣ የእንክብካቤ መሠረታዊ ኮርስ ወሰድኩ፣ የወንጀል ሪከርዴ ተጣራ፣ ኢንሹራንስ ገባሁ። ወላጆቹም እንደ ማንኛውም አሠሪ ግብር መሥሪያ ቤት ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ የደመወዝ ወረቀት በየወሩ መጣ፣ የዓመት ፈቃዴ በክፍያ ሆነ፣ ጡረታ ተጀመረልኝ። ሕጉማ ድሮም ያስገድድ ነበር፣ የሚጠይቅ ሰው ነው ያልነበረው። ድጎማው ሲመጣ ወረቀት ግድ ሆነ፣ እኔንም ሰው በሠራተኛነቴ ቆጠረኝ።

እዚያ ላላችሁ ወላጆች ጥቂት ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ባልም ሚስትም መሥራት አለባቸው፣ ከሁለቱ አንዳቸው በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ ካገኙ አይፈቀድም። በየ3 ወሩ መረጃችሁን ካላረጋገጣችሁ ይቋረጣል፣ አንዷ ጓደኛዬ ረስታው ድጎማው ቆሞባታል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ የምታገኙ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ አትችሉም፣ በዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ከእንክብካቤ ወጪው እስከ 85 በመቶ ስለሚመለስ የቱ እንደሚያዋጣችሁ ቀድማችሁ አስሉት። እናታችሁን ከአገር ቤት አምጥታችሁ ልጁን ቤት ውስጥ ስትጠብቅላችሁ ደግሞ በዚህ ብር ልትከፍሏት አትችሉም። እሱ እኔንም ያሳዝነኛል፣ የአያትን ያህል ማን ይጠብቃል?

እህቴ እዚህ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። ሰርቪሱ ገና ሳይነጋ አቶቴ ሰፈር ያነሳታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሰጣት የወሊድ ፈቃድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በራስሽ ተወጪው ነው። ደላላ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አገናኛት፣ ሕፃኑን ቀኑን ሙሉ የምታየው እሷ ናት። ልጁን ከልቧ ነው የምትወደው። ማንም ምንም አላስተማራትም እንጂ።

ባለፈው ሳምንት ልጁን ለውዝ አነቀው። ድምፁ ጠፋ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ልጅቷ ውኃ ልትግተው ሮጠች፣ እኛ አገር ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ልጁን ነጠቅኳትና ጭኔ ላይ በሆዱ አስተኝቼ፣ ጭንቅላቱን ዘቅዘቅ አድርጌ፣ በመዳፌ ሥር ትከሻና ትከሻው መሀል መታሁት። ለውዙ ወጣና ማልቀስ ጀመረ። ልቅሶው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማታ በትራስ አሳየኋት፣ ደጋግማ ሞከረችና ቶሎ ያዘችው። ከዚያ "እትዬ፣ ይሄን የሚያስተምሩበት ቦታ ወረቀትም ይሰጣሉ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይሄ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይቺው ልጅ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ብትል ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ መያዝ አለባት። ሲኦሲ የሚባለውን ማለቴ ነው። ለሌላ አገር ልጆች ስንልካት እናሠለጥናታለን፣ የገዛ ልጃችንን ስንሰጣት ግን ማንም አይጠይቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011ም በሰው ቤት የምትሠራን ልጅ አይመለከታትም።

መንግሥት ነገ ተነስቶ እንደ እንግሊዝ ብር ይጨምር አልልም፣ አቅሙን አውቃለሁ። ሥልጠናው ግን አለ፣ አሠልጣኞቹም አሉ። አገር ቤት ለሚቀሩትም ይከፈት። ፋብሪካዎቹም ለእናቶቹ ሞግዚት ሥልጠና ትንሽ ቢያዋጡ ሠራተኛቸው ልቧ ቤት ቀርቶ አትውልም። እኛ ውጭ ያለነውም በየወሩ ከምንልከው ላይ ለዚህ መለየት እንችላለን።

እኔ ለልጅቷ ልከፍልላት ወስኛለሁ፣ እህቴም ቅዳሜ ከሰዓት ልትለቃት ተስማምታለች። ግን "ወረቀቱን ስትይዝ ጥላኝ ብትሄድስ?" እያለች ትሰጋለች። ስጋቷ ይገባኛል። ለዚህ ነው ደመወዟም አብሮ ይጨመር ያልኩት፣ እሱ ላይ ገና እየተነጋገርን ነው።