ካሜራው ቁልቁለት አይመርጥም

የምኖረው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙባት በኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ ሲሆን፣ በብርድ ወራት የዕረፍት ቀኖቼን የማሳልፈው ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከበረዶ መንሸራተቻ ማዕከላት ውጭ ባሉ ተራሮች ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣ ሊፍት፣ መስመር የሚያስተካክል ማሽን፣ አደጋ ሲደርስ ፈጥኖ የሚመጣ ጠባቂ የለም፤ በእግራችን እንወጣለን፣ ሁለት እግር በሚታሰርበት አንድ ሰሌዳ፣ በስኖውቦርድ፣ እንወርዳለን፣ እኔም ፎቶግራፍ አነሳለሁ። «ሐበሻና በረዶን ምን አገናኛቸው?» የሚለው ጥያቄ ከዘመድም ከወዳጅም አይቀርም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ስነግራቸው ጥቂቶቹ ይገረማሉ፤ የኮሎራዶ ከፍተኛው ተራራ ኤልበርት በ4,401 ሜትር ከራስ ዳሸን እንደሚያንስ ስጨምርላቸው ደግሞ ሁሉም ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን የተሻለ ነው፤ ፎቶዎቹ እንዴት እንደተነሡና ከበረዶ ናዳ እንዴት እንደምንጠበቅ ይጠይቁኛል። ለእኔ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ምክንያቱም ካሜራ ተራራ ላይ ሲወጣ የሰውን ውሳኔ ያጣምማል፣ ይህንን መቆጣጠርም ከሌንስ ምርጫ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

የጀመርኩት እንደ አብዛኛው ሰው በማዕከል ውስጥ፣ ሊፍት እየተሳፈርኩ ነበር። ወደ ውጭ ለመውጣት ስወስን መጀመሪያ የገዛሁት ስፕሊትቦርድ ነው። ስፕሊትቦርድ ቁመቱን ለሁለት የተከፈለ ስኖውቦርድ ሲሆን፣ ዳገቱን ሲወጡ ሁለቱን ግማሾች እንደ ስኪ ይራመዱባቸዋል፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አጋጥመው አንድ ሰሌዳ ያደርጓቸዋል። ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዩታ ውስጥ ተሠርቶ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ፣ ስኖውቦርደሮች ሰሌዳቸውን በጀርባቸው አዝለው በበረዶ ውስጥ በእግራቸው እየሰመጡ ይወጡ ነበር። ከግማሾቹ ሥር የሚለጠፈው ስኪን የተባለው ጨርቅ በአንድ ወገኑ ሙጫ፣ በሌላው ወገኑ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ አጭር ጸጉር አለው፤ ጸጉሩ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ብርድ ሙጫው ይደክማል፤ በረዶ ከነካው ደግሞ ጨርሶ አልለጠፍ ይላል። ስለዚህ ስኪኑን እንደነቀሉ ሙጫውን ከሙጫው ጋር አጣጥፎ ከጃኬት ሥር ሆድ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መግዣ መጽሔቶች የማይጽፉት ነገር ቢኖር፣ የሰሌዳው ማጋጠሚያ ውስጥ የገባ በረዶ እንደሚጋገርና ጓንት አውልቆ በቁልፍ ጫፍ መፋቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

ከሰሌዳው ቀጥሎ የገዛሁት ትምህርት ነው። የ3 ቀን የናዳ ኮርስ የወሰድኩት ካሜራዬን ቤት ትቼ ነው፤ ይህንን ቅደም ተከተል ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እመክራለሁ። የኮሎራዶ በረዶ ለባሕር ከሚቀርቡት ተራሮች በረዶ ይለያል። በጥቅምትና በኅዳር የሚጥለው ስስ በረዶ ከሥሩ ካለው ሞቅ ያለ መሬትና ከላዩ ካለው ቀዝቃዛ አየር መካከል ተይዞ ይሰነብታል፤ ይህ የሙቀት ልዩነት በበረዶው ውስጥ እንፋሎት ወደ ላይ እንዲንቀሳቀስ ያደርግና የበረዶውን ቅንጣቶች እያገዘፈ እርስ በርስ የሚይዛቸውን ትስስር ያፈርሳል። ሲዝቁት እንደ ስኳር ከእጅ ያመልጣል። በታኅሣሥና በጥር የሚጥለውና ነፋስ የሚጠቀጥቀው በረዶ በዚህ ልል ንብርብር ላይ ይከመራል። ሰው ሲያልፍበት ልሉ ንብርብር ይደረመሳል፣ ስብራቱ በቅጽበት ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ተዳፋቱ በቂ ከሆነም ከላይ ያለው ጥቅጥቅ በረዶ ሁሉ ባንድ ላይ ይሄዳል። አብዛኛው አደገኛ ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ሰው የሚገድለውን ናዳ ብዙ ጊዜ የሚያስነሣው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። ስኖውቦርደር የሚወደውና በፎቶ የሚያምረው ቁልቁለትም በትክክል ይኸው ነው።

እያንዳንዳችን ቢከን፣ መፈለጊያ ዘንግና የብረት አካፋ ሳንይዝ ከመኪና አንርቅም። ቢከን በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ሲሆን፣ የተቀበረን ሰው የሚያገኘው የነፍስ አድን ቡድን ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጓደኛው እንዲሆን የተሠራ ነው፤ በናዳ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላልና። ፎቶግራፍ አንሺ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር እዚህ ላይ አለ። ስልክ፣ ካሜራ፣ የድርጊት ካሜራና በባትሪ የሚሞቅ ጓንት የቢከንን ምልክት ያውካሉ። የተለመደው መመሪያ ቢከኑ ምልክት በሚልክበት ጊዜ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በሚፈልግበት ጊዜ ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ግን ካሜራውን በደረቱ ቦርሳ ማንገት ይወዳል፣ ቢከኑም ደረቱ ላይ ነው። እኔ ቢከኑን በሱሪዬ ልዩ ኪስ ውስጥ በማሰሪያ አያይዤ፣ ካሜራውን በትከሻ ማንገቻዬ ከፍ አድርጌ በመያዝ ነገሩን ፈታሁት። ሰው ቢቀበር መጀመሪያ የማደርገው ካሜራውን አውልቄ መጣል እንደሆነ ጓደኞቼ ያውቃሉ፤ በልምምዳችንም እንዲሁ አደርጋለሁ፣ ውድ ሌንስ በረዶ ውስጥ ሲወድቅ የሚሰማኝን ስሜት ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

ስለ ውሳኔ መጣመም የተናገርኩትን ላብራራ። ካሜራ ሲኖር ወራጁ ይታያል፣ አንሺው ይጠብቃል፣ ብርሃኑ ያልፋል። ሦስቱም ነገሮች ሰውን ያቻኩላሉ፤ «ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጀርባ ሳትገባ» የሚለው ሐሳብ የበረዶውን ሁኔታ ሳይመለከት ይወስናል። የናዳ ተመራማሪው ኢያን ማካሞን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የደረሱ አደጋዎችን መርምሮ፣ ሰዎች ቦታውን ስለለመዱት፣ በሌሎች ዘንድ ለመወደድ ስለፈለጉ፣ ማንም ያልነካውን በረዶ ለመቅደም ስለቸኮሉ ወይም ዐዋቂ የመሰላቸውን ሰው ስለተከተሉ ግልጽ የአደጋ ምልክቶችን አልፈው እንደሚሄዱ አሳይቷል። በእኛው አካባቢ ኤፕሪል 20 ቀን 2013 በላቭላንድ የተራራ መተላለፊያ አጠገብ ሺፕ ክሪክ በተባለው ቦታ የደረሰው አደጋ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ስድስት ሰዎች የናዳ መሣሪያቸውን ይዘው፣ አደገኛውን ተዳፋት አስቀድመው ለይተው፣ ከግርጌው በኩል ወደ ተሻለ ቦታ ሲያቋርጡ ከላያቸው የነበረው በረዶ ተነሣና ሁሉንም ያዛቸው፤ አምስቱ ሞቱ። ተዳፋቱን አልወረዱትም፣ ከሥሩ ነበሩ። ፎቶግራፍ አንሺ ወራጁን ፊት ለፊት ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚቆመው በትክክል እዚያ፣ ከግርጌ ነው።

ስለዚህ የእኛ አሠራር ከዋዜማው ምሽት ይጀምራል። ቡና እየጠጣን የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ እናነባለን። ትንበያው ከዝቅተኛ እስከ እጅግ ከፍተኛ ባሉ አምስት ደረጃዎች የተከፈለ ሲሆን፣ አደጋው በየትኛው አቅጣጫና ከፍታ ላይ እንዳለ ይዘረዝራል። ብዙ ሰው የሚያየው ቁጥሩን ወይም ቀለሙን ብቻ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ያለው የችግሩን ዓይነት በሚገልጸው ጽሑፍ ውስጥ ነው፣ በነፋስ የተከመረ በረዶና ሥር የሰደደ ልል ንብርብር አንድ ዓይነት ጥንቃቄ አይፈልጉምና። ከዚያ በካርታ ላይ የተዳፋቱን ዲግሪ እያየን የምንሄድባቸውን ቁልቁለቶች እንለያለን። አንሄድበትም ብለን የዘጋነው ቁልቁለት በማግስቱ ፀሐይ ስለወጣ ብቻ አይከፈትም፤ የተከፈተው ግን ሊዘጋ ይችላል። ከአራታችን አንዱ «አልወደድኩትም» ካለ ምክንያት ሳንጠይቅ እንመለሳለን። ስለ ፎቶ የማነሣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ በተፈቀዱት ቁልቁለቶች ላይ ብርሃኑ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚመጣ አይቼ ቦታዬን እመርጣለሁ።

በአንድ የጥር ጠዋት በበርተድ መተላለፊያ የሆነውን ልንገራችሁ። መተላለፊያው 3,446 ሜትር ላይ ሲሆን እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ድረስ የበረዶ መንሸራተቻ ማዕከል ነበረው፤ ዛሬ ሊፍቶቹ ተነሥተው በመኪና ደርሶ በቀጥታ ወደ ዳገቱ መግባት የሚቻልበት ቦታ ሆኗል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ንጹሕ ጎድጓዳ ተዳፋት ከላይ ይታየን ነበር፣ አንድም የሰው ዱካ የለበትም፤ ጎህ ሲቀድ ያንን ቀይ ብርሃን ሲቀበል ካሜራ የያዘ ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ከእርሱ ጋር አንድ አቅጣጫ ያለው ግን ለሰው የማያሰጋ ትንሽ ተዳፋት ላይ የበረዶውን ንብርብር ለመፈተሽ ጉድጓድ ቆፈርን። ነርስ የሆነችው ጓደኛችን 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የበረዶ ዓምድ በገመድ ቆርጣ ለየች፣ አካፋዋን በአንደኛው ጫፍ ላይ አጋድማ መታ መታ ማድረግ ጀመረች፤ አሥር ጊዜ በእጅ አንጓ፣ ከዚያ በክርን። በክርን ሦስተኛውን ስትመታ ዓምዱ ከሥር በኩል ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ወደ እኛ ተንሸራተተ፤ የተሰነጠቀበት ገጽ በመስመር የተቀደደ ያህል ለስላሳ ነበር። ከመካከላችን ታናሹ ቀና ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ነርሷ «ወንድሜ፣ አሥራ ሦስተኛው ላይ ነው የሄደው፤ አየኸው አይደል?» አለችው። «አየሁት እቴ፣ ዓይኔ ነው እንጂ እግሬ የት ይሄዳል» ብሎ አሳቀን። ሰሌዳችንን አዙረን ከ30 ዲግሪ በታች ወደሆነው፣ በላዩም ቀጥ ያለ ተዳፋት ወደሌለበት የጥድ ጫካ ገባን።

የዚያ ቀን ፎቶዎች ካነሣኋቸው ሁሉ ከምወዳቸው መካከል ናቸው፣ ምክንያቱም ሙያዊ ነው። ሰማዩ በኋላ ደመነ፤ በደመና ወቅት ክፍት ተዳፋት ላይ በረዶና ሰማይ ተደባልቀው ቅርጽ ይጠፋል፣ በጫካ ውስጥ ግን የዛፎቹ ጥቁር ግንድ ለዓይን ጥልቀትን ይሰጣል። እኔ ከወራጁ መስመር ወደ ጎን፣ ከወፍራም ዛፍ ጀርባ ቆሜ በሬዲዮ «ዝግጁ ነኝ» ስል አንድ ሰው ብቻ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ከላይ ሆነው እያዩት ይጠብቃሉ። ከጎን ማንሣት ከግርጌ ከማንሣት ይልቅ ደኅንነት ያለው ብቻ ሳይሆን፣ ከሰሌዳው ጠርዝ የሚፈናጠረው በረዶ ሙሉ በሙሉ የሚታየውም ከጎን ነው። ለዚህ ቢያንስ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ የሆነ የሹተር ፍጥነት ያስፈልጋል።

የብርሃን ልኬት ነገር ለእኛ ለሐበሾች ትንሽ ይለያል። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት በረዶውን ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ ሁሉም መማሪያ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ማሳደግ ነው) ጨምሩ ይላል። ልክ ነው፣ ነገር ግን ያ ምክር የሚያስበው ለበረዶው ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በነጭ በረዶ መካከል ያንን ያህል ተጨምሮለትም ከነመነጽሩ ጥላ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እኔ ፀሐይ ባለበት ቀን ጓደኞቼን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ወይም ፀሐይ ወደሚያንጸባርቅ በረዶ እንዲያዞሩ እጠይቃለሁ፤ በረዶው ከታች ወደ ላይ የሚረጨው ብርሃን ለጠይም ፊት ከማንኛውም ፍላሽ ይበልጣል። ልኬቱን የምወስደው ከፊት ላይ ሆኖ፣ በረዶው ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ እስከሚያጣበት ድረስ ብቻ እጨምራለሁ፤ ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል በሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል (RAW) ስለማነሣ ቀሪውን ቤት አስተካክለዋለሁ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ከውስጠኛው ልብሴ ኪስ እይዛለሁ። ወደ መኪና ከመግባታችን በፊት ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቄ እዘጋለሁ፤ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ሌንስ ላይ የሚያዥጎደጉደው ጤዛ በከረጢቱ ላይ ይቀራል።

ጥር ላይ የተውነው ምሥራቃዊው ተዳፋት ለዘለዓለም አይቀርም። በሚያዝያና በግንቦት በረዶው ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየጠነከረ አንድ ወጥ ሲሆን ልሉ ንብርብር ኃይሉን ያጣል፤ ያን ጊዜ በጨለማ ተነሥተን ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን፣ ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው ረፋድ ላይ ወርደን እንጨርሳለን። ቀጥ ባሉ ቁልቁለቶች ላይ ያነሣኋቸው ፎቶዎቼ ሁሉ ማለት ይቻላል የተነሡት በእነዚያ ጠዋቶች ነው። ይህንን የሚያውቅ ተመልካች ግን ጥቂት ነው፤ ፎቶው ላይ ነጭ በረዶና ደፋር ሰው ብቻ ይታያል። በዚህ ምክንያት ፎቶ ሳወጣ ወሩን፣ የተዳፋቱን ዲግሪና የዚያን ቀን የትንበያ ደረጃ ከሥሩ እጽፋለሁ፤ ትክክለኛውን ቦታ ግን አልጽፍም፣ ቦታውን የሚፈልግ በግል ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚሄድና ቢከን እንዳለው እጠይቀዋለሁ።