የሙቀት ፓምፓችን ሲረጋ፦ አንቲፍሪዝ እንዴት እንደጨመርኩ

ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ያለውን ቤታችንን ስንገዛ ምድር ቤቱ ውስጥ ፍሪጅ የሚያህል ነጭ ሳጥን ቆሞ አገኘን። ቤቱን የሚያሞቀው የሙቀት ፓምፕ እሱ ነው። ግቢው ውስጥ 150 ሜትር ዓለት ተሰርስሮ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ታች ወርዶ ይመለሳል። በቱቦው የሚዞረው ፈሳሽ ከዓለቱ ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ ሙቀቱን ይቀበለውና ቀዝቃዛውን ፈሳሽ መልሶ ወደ ጉድጓዱ ይልከዋል። ስዊድን ውስጥ እንዲህ የሚሞቅ ቤት ብዙ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ብርዱ በጣም ሲከርር ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቶ ቆመ። አስነሳሁት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ቆመ። ከማሽኑ አጠገብ የተሰቀለች ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለች፤ የፈሳሹን መጠን የምታሳይ። ሁለት ሦስተኛዋ መሞላት ሲገባው ከታች ጥቂት ብቻ ቀርቶባታል። ጎድሏል ማለት ነው፣ እሞላዋለሁ ብዬ ነዳጅ ማደያ ሄጄ የመኪና አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመር ፈሳሽ፣ ገዛሁ።

ሳልጨምረው በፊት ግን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማቀዝቀዣ ሥራ ያሳለፉ ሰው ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ቱቦው ውስጥ አሁን ያለው ምንድን ነው?» ብለው ነው። አላውቅም አልኳቸው። «ታዲያ ምን እንዳለበት ሳታውቅ ምን ልትጨምርበት ነው? ጀሪካኑን ክደነው፤ ነገ እመጣለሁ» አሉኝ።

ያ ስልክ ከትልቅ ጥፋት አድኖኛል። የገዛሁት ኢቲሊን ግላይኮል ነበር። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ሕፃን ወይም ውሻ ቢቀምሰው ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቱቦው የሚያልፈው በከርሰ ምድር ውሃ መሃል ነው። ጎረቤታችን የሚጠጣው ከራሱ ጉድጓድ ነው። እዚህ አገር ለእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ በብዛት ኢታኖል፣ ማለትም መጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል፣ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ቢያፈስ እንኳ አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ቶሎ ይበሉታል።

በማግስቱ ጋሼ ቱቦውን የሸፈነውን ስፖንጅ ገለጥ አድርገው አሸተቱና፣ «ና አሽት» አሉኝ። ልክ አረቄ ነው። ኢታኖል መሆኑን በዚያ ጠረጠርን፤ የቤቱን የድሮ ሰነድ አገላብጠን አረጋገጥን። እዚያው ስፖንጁ ስር አንድ መጋጠሚያ ጠብ ጠብ ሲል አገኘን። እኔ እርጥበቱን ለሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ቱቦው ቀዝቃዛ ስለሆነ ያልበዋል ብዬ ነው ያለፍኩት። የቀድሞው ባለቤትም ሳይሆን አይቀርም፣ በጎደለ ቁጥር ንጹህ ውሃ ሲጨምርበት ኖሯል። አልኮሉ በዚህ ሁኔታ እየቀጠነ ሄዷል።

ልኬቱ ላይም ተሳስቼ ነበር። ከአንድ መካኒክ ወዳጄ ሪፍራክቶሜትር (ፈሳሹ ብርሃን የሚሰብርበትን መጠን አይቶ የመርጊያውን ነጥብ የሚናገር መሣሪያ) ተውሼ ጠብታ አድርጌ ሳየው ከዜሮ በታች 3 አለኝ። መሣሪያው ግን የተሠራው ለግላይኮል ነው። ኢታኖል ብርሃን የሚሰብረው በሌላ መጠን ስለሆነ ያ ቁጥር ምንም ማለት አይደለም። ጋሼ በኢታኖል መለኪያቸው ሲያዩት የመርጊያው ነጥብ ከዜሮ በታች 6 ገደማ ሆነ። ይህም በመጠን ወደ 14 በመቶ አልኮል ማለት ነው።

እኔን ግራ የገባኝ ይህ ነበር፦ ማሽኑ ወደ ጉድጓዱ የሚመልሰው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ቢሆን ነው፤ ታዲያ በ6 የሚረጋ ነገር ለምን ይረጋል? ጋሼ አስረዱኝ። ማሽኑ ውስጥ ፈሳሹ ሙቀቱን የሚያስረክበው በቀጫጭን የብረት ሳህኖች መካከል ሲያልፍ ነው። ከሳህኑ ማዶ ያለው ጋዝ ከፈሳሹ ይልቅ በጣም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 2 እያለ ሳህኑን የነካው ፈሳሽ በረዶ መያዝ ይጀምራል። ሳህኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ውሃ ወደ ጋዙ መስመር ገብቶ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ይገድለዋል። እኔ ማሽኑን ደጋግሜ እያስነሳሁ ስጫወት የነበረው በዚህ ነው። አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። ቀይ መብራት ካበራ ተዉት፤ ራሱን እያዳነ ነው።

መጋጠሚያውን ጠግነን፣ እስከ ቅዳሜ በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሰነበትን። በረዶውም በራሱ ቀለጠ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የእኛ ቱቦ ውጪው 40 ሚሊሜትር፣ ውስጡ 35 ገደማ ነው፤ አንድ ሜትሩ አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይይዛል። ወርዶ መመለሻው 300 ሜትር፣ ከቤት እስከ ጉድጓዱ ደርሶ መልስ 20 ሜትር። በጠቅላላው 310 ሊትር ያህል። ከ14 ወደ 28 በመቶ ለማድረስ 95 በመቶው አልኮል ከሆነ ኢታኖል 54 ሊትር ይፈልጋል። ያን ያህል አሮጌ ፈሳሽ መውጣት አለበት። 28 በመቶ ከዜሮ በታች 14 አካባቢ ድረስ ይቋቋማል። ለጥንቃቄ ተብሎ አልኮሉ ከዚህ በላይ አይጨመርም። ሲበዛ ፈሳሹ በብርድ ይወፍርና ፓምፑ ይደክማል፣ እሳት የመያዝ አደጋውም ይጨምራል።

ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሳቱን ነው። ንጹህ ኢታኖል በክፍል ሙቀት ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ምድር ቤት ለዚህ መጥፎ ቦታ ነው። ማሽኑን ከነመስመሩ ኤሌክትሪክ አጠፋን። በሩንም መስኮቱንም ከፈትን። በርሜሉን ውጪ ደጃፉ ላይ አደረግነው፤ ፈሳሹን የምናስገባበትን ማዞሪያ ፓምፕ ከበርሜሉ አራቅነው። ጓንትና የዓይን መነጽር አደረግን። ልንጀምር ስንል ግን ከላይ የከሰል ሽታ መጣ። ቅዳሜ አይደል፣ ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ዕጣን ማጨሻውን አያይዛለች። ጋሼ ደረጃው ስር ቆመው፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ቡናው ያለ ዕጣን ይሁንልን» አሏት። ፍሙን ውጪ አውጥታ በበረዶ አጠፋችው። ለቤተሰቡ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም።

ኢታኖሉን እንዳለ አልገለበጥነውም። በርሜሉ ውስጥ ከአሮጌው ፈሳሽ ጋር ጥቂት ጥቂት እያደባለቅን በአንዱ ቫልቭ አስገባን፤ በሌላው የሚወጣውን በጀሪካን ተቀበልን። 54 ሊትር ከወጣ በኋላ የመመለሻውን ጎማ ወደ በርሜሉ አዙረን አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አሽከረከርነው። ይህ ሰዓታት ፈጀ። አየር ከቀረ ፓምፑ ይንጫጫል፣ ሙቀቱም አይመጣም። ማጣሪያውን ፈትተን አጠብነው፤ ቡና አተላ የመሰለ ጭቃ ወጣው። አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ የጎደለውን ለመሙላት የተበጠበጠ ፈሳሽ አስቀርተናል።

ከአሮጌው ፈሳሽ ትንሽ ለናሙና በሃይላንድ ልይዝ ስል ጋሼ ተቆጡኝ። ልክ ናቸው። ውሃ የመሰለ ነገር በውሃ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ቤቱ ልጆች አሉበት። ጀሪካኖቹ ላይ በትልቁ ጻፍን። ማዘጋጃ ቤት ደውዬ ፍሳሽ ውስጥ እንዳልደፋው፣ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት እንድወስደው ነገሩኝና ወሰድኩት።

ቱቦው ላይ አንድ ካርድ አስረናል፦ ኢታኖል፣ 28 በመቶ፣ 310 ሊትር፣ የተለካበት ቀን። ባለፈው ሳምንት ውጪው ከዜሮ በታች 17 ሲደርስ ሌሊት ወርጄ አየሁት። ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 2 ይላል፣ ዕቃዋ ሁለት ሦስተኛዋ ላይ ናት፣ ስፖንጁም ደረቅ ነው።