ባዶ ነህ ወይስ ጭነሃል?

አገር ቤት መሪ ከመያዜ በፊት አምስት ዓመት በረዳትነት የጅቡቲን መስመር ተመላልሼበታለሁ። 400 ኩንታል የጫነ መኪና ከነተሳቢው ዳገት ላይ ሲያቃስት የሰማ፣ ቁልቁለት ላይ የጋለ የፍሬን ሽታ አፍንጫው ውስጥ የቀረ ሰው መንገድ ላይ የሚፈራው ጭነትን ነው። ባዶ ስንሆን ሹፌሩ ካሴት ይከፍታል፣ እኔ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ። ባዶ መሄድ ለእኔ ዕረፍት ማለት ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ መጥቼ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ሳወጣም ይህ ስሜት አብሮኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር ነው። ሳምንቱን በረዶ ሲጥል ሰንብቶ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ከኦሮራ ስነሳ አየሩ ሞቅ ብሏል። ጎልደን ደርሼ ጭነቴን ሳራግፍ ጃኬቴን አወለቅሁ። ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ የቀለጠ በረዶ ይንጠባጠባል። «ተመስገን፣ ዛሬ ቀንቶኛል» አልኩ። ከሮኪ ተራሮች በላይ ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ረጅም ደመና ነበር፤ በደመናውና በተራራው መካከል ደግሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ። ስላማረኝ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ፎቶው እስካሁን አለኝ፤ ዛሬ ሳየው ግን ደረቴ ይጨንቀዋል።

ሎድ፣ ማለትም ጭነት፣ እየፈለገ የሚያሰማራን ዲስፓቸራችን የአገራችን ልጅ ነው፤ ሌላ ስቴት ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ባዶ ሆንክ አይደል? ሎንግሞንት ጥሩ ሎድ አለ። ከቀትር በፊት ግን መድረስ አለብህ።»

«አየሩን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ፤ በረዶ የለም፣ ዝናብ የለም። በ93 ከወጣህ ቶሎ ትገባለህ።»

አልዋሸኝም። ያየው ስክሪን ላይ በረዶም ዝናብም አልነበረም።

ሃይዌይ 93 ከጎልደን ወደ ቦልደር የተራሮቹን እግር ይዞ የሚሄድ መንገድ ነው። ከጎልደን ስወጣ የመንገዱ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ከፍተኛ ንፋስ እንዳለ፣ ቀላልና ረጃጅም ተሽከርካሪዎች ባይሄዱ እንደሚመከር ይናገር ነበር። አነበብኩት። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። «ቀላል» የሚለውን ሳነብ የታየኝ በፒክአፕ የሚጎተት ካምፐር፣ የሽርሽር ማደሪያ ተሳቢ፣ ነው። ባለ 18 ጎማ መኪና ቀላል ይባላል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

እስቲ ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ እኔ በጊዜው አስቤው ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና በሕግ እስከ 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 36 ቶን ይደርሳል። ባዶው ግን ከ15 እስከ 16 ቶን ቢሆን ነው። የተሳቢው ርዝመት ያው 53 ጫማ፣ ቁመቱም ያው ነው። ስለዚህ ከ40 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ግድግዳ ለንፋሱ ሰጥተን፣ ይዞ የሚያስቀምጠን ክብደት ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። የንፋስ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ንፋሱ ከየት እንደሚመጣም የተማርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ከምዕራብ የመጣው አየር የሮኪ ተራሮችን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፣ ውኃ ከግድብ አናት አልፎ ግርጌው ላይ እንደሚፋጠን ይፋጠናል። ሲወርድ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ቺኑክ የሚሉት ይህንኑ ነው። ጃኬቴን ያስወለቀኝ ሙቀትና በኋላ የመታኝ ንፋስ አንድ ነበሩ፤ ያ ያማረኝ ደመናም የንፋሱ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1982 ቦልደር ባለው የብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል በሰዓት 137 ማይል ተለክቷል፤ 220 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2021 በዚያው በቦልደር አካባቢ ከ1,000 በላይ ቤቶችን በአንድ ቀን የበላው የማርሻል እሳትም የተነዳው በዚህ ንፋስ ነው። የዚያን ቀን ጭሱን ከኦሮራ ሆኜ አይቼዋለሁ። አይቼውም ቢሆን በእኔ ሐሳብ ውስጥ የእሳት ታሪክ እንጂ የንፋስ ታሪክ አልነበረም።

የኮል ክሪክ ካንየንን መገናኛ አልፌ ሮኪ ፍላትስ የሚባለው ሜዳ ላይ ስወጣ ግራና ቀኙ ተገለጠ። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ወደ ፊት ደግሞ የመንግሥት የንፋስ ኃይል ምርምር ጣቢያ ተርባይኖች ቆመዋል። ለምርምር ይህን ሜዳ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው የሚቻል ነበር። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ንፋሱ ያዝ አድርጌ ሄድኩ። አስቸጋሪው ንፋሱ አለመርጋቱ ነው። ይመታና በድንገት ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፤ በዚያች ቅጽበት ወደ ግራ የያዝኩት መሪ ከፊት ወደሚመጡት መኪኖች ይወስደኛል። ስመልሰው እንደገና ይመታል። ፍጥነቴን ወደ 30 ማይል አወረድኩ። ከፊቴ አንዲት የዕቃ ማመላለሻ ሳጥን መኪና ነበረች። ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ስትወዛወዝ አየኋት፤ በሦስተኛው ቀስ ብላ፣ ሰው ደክሞት ጋደም እንደሚል፣ ቀኝ ጎኗን ቦዩ ውስጥ አስተኛች።

ዓይኔን ከእሷ አንስቼ የግራ እስፖኪዮዬን አየሁ። የተሳቢው የኋላ ግራ ጎማዎች ከአስፋልቱ ተነስተዋል። ከሥራቸው ብርሃን አየሁ። ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው ዝግ እያሉ ይዞሩ ነበር። ምናልባት ሁለት ሰከንድ ነው። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፤ ፍሬን አልነካሁም፣ መሪውንም አልጠመዘዝኩም። «እመቤቴ» ከማለት ሌላ ያደረግኩት የለም። ጎማዎቹ ተመልሰው ሲያርፉ ንዝረቱ በወንበሬ በኩል እስከ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ።

ዳር ይዤ እንደ ቆምኩ በሬን ስከፍት ንፋሱ ከእጄ ነጥቆ ወደ ፊት ገነጠለው፤ ማጠፊያው ተጣመመ። ጠጠር ፊቴን ይገርፈኛል። የወደቀችው መኪና ሹፌር፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ወደ ሰማይ በዞረው በር በኩል ራሱን አውጥቷል። እጁን ይዤ አወረድኩት። ክንዱ ላይ ትንሽ ደም ነበር፤ ሌላ አልተጎዳም። ወደ ጋቢናዬ ገብቶ ሲቀመጥ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔም።

በዚህ መስመር ብዙ የቆዩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሹፌር አሉ። ደወልኩላቸው። ደህና ነህ ወይ ከማለታቸው በፊት የጠየቁኝ «ባዶ ነህ ወይስ ጭነሃል?» ብለው ነው።

«ባዶ ነኝ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ስማኝ ልጄ፤ እንደ ቆምክም ይጥልሃል። ሰፊ ቦታ ካለ በዝግታ ሂድና አፍንጫህን ወደ ተራራው አዙረህ ቁም። ጎንህን አትስጠው።»

ሰባት መቶ ሜትር ያህል ፊት ለፊት ሰፋ ያለ ጠጠራማ ቦታ ነበር። በሰው እርምጃ ነው የደረስኩት። ወደ ምዕራብ አዙሬ ስቆም ያ ሁሉ መወዛወዝ ቀጥ አለ። ንፋሱ እንደ ቀድሞው ነበር፤ የተለወጠው እኔ የሰጠሁት ፊት ብቻ ነው። ፖሊስ መጥቶ ልጁን እስኪወስደው ድረስ ካለችኝ ፔርሙስ ሻይ አብረን ጠጣን።

ዲስፓቸሩ ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር። ሳነሳ «ሌሎቹ እየሄዱ ነው እኮ» አለኝ። አልተቆጣሁም፤ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አልሄድም» አልኩ። ብዙዎቻችን ይህን ቃል አንናገርም። ሎድ ይቀራል፣ ስሜ ይጠፋል፣ አገር ቤት የሚላክ ብር አለ እያልን «እሺ» እንላለን። የፌዴራሉ ደንብ ግን አየሩ አደገኛ ሲሆን ሹፌሩ መንዳቱን እንዲያቆም ያዛል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ሹፌርን አስፈራርቶ ደንቡን እያስጣሱ ማስነዳት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ይህን መብት ሳላውቅ ስንት ዓመት እንደነዳሁ ሳስብ ይቆጨኛል።

በሳምንቱ ዲስፓቸሩ ለሥራ ዴንቨር መጥቶ መኪኖቻችን የሚቆሙበት ግቢ ውስጥ ተገናኘን። የተጣመመውን በር አሳየሁት፤ የጎማዎቹንም ነገር ነገርኩት። እጁን ማጠፊያው ላይ አድርጎ ቆየ። «በረዶ ነው የፈራሁልህ። ንፋሱን ማየት እንዳለብኝ የነገረኝ የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም አልነገርኩትም። አሁን በተራራው ሥር ለሚያልፍ ሹፌር ሎድ ከመስጠቱ በፊት የቦልደሩን የአየር ሁኔታ ቢሮ የንፋስ ማስጠንቀቂያ ያያል፤ መኪናው ባዶ ከሆነ ሎንግሞንት ለሚሄደው ሁሉ 93ን ትቶ ወደ ምሥራቅ ራቅ ያለውን አይ-25 የተባለውን አውራ ጎዳና ይሰጣል። ጥቂት ማይሎች ይጨምራል።

የዚያን ቀን ንፋሱ የበረደው ከመሸ በኋላ ነው። ተመልሼ ጎልደን አደርኩና በማግስቱ በአይ-25 ዞሬ ሎንግሞንት ገባሁ። ሎዱ አልሄደም፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ ትናንት ማንም እንዳልመጣ ነገረኝ። ጭነቱ የወረቀት ጥቅል ነበር፣ ከባድ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፎርክሊፍቱ ወደ ተሳቢው በገባ ቁጥር መኪናው ከሥሬ ዝቅ ይላል፣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ይረጋል። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።