ከመሐል የተለካ ጭራ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ስሠራ የተሰጠኝ ተግባር የዓሣን አዋኛኘት የሚመስል የጎማ ጭራ ውሃ በሚዘዋወርበት ገንዳ ውስጥ እያወዛወዝኩ የሚያመነጨውን ግፊት መለካት ነበር። የጭራውን ቅርጽ የወሰድነው ከአሞራ ገደል ከተገዛ ቆሮሶ ሲሆን፣ ዓሣውን ወረቀት ላይ አጋድመን በእርሳስ ዙሪያውን ከነደፍን በኋላ ለምሳ መብላታችንን አልደብቅም።

እንዲህ ያለ ጭራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በስትሮውሃል ቁጥር ነው፤ ይኸውም በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት በውዝዋዜው ስፋት ተባዝቶ ለጉዞው ፍጥነት (በገንዳችን ለውሃው ፍጥነት) ሲካፈል የሚገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በሚዋኙም በሚበሩም እንስሳት ዘንድ ይህ ቁጥር በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ወሰን ውስጥ እንደሚያርፍ አሳይቷል። ውሃው በሰከንድ 40 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ፣ ጭራው በሰከንድ 2 ጊዜ ሲወዛወዝ እኔ ያገኘሁት ግን 0.15 ነበር። ስለዚህ ጭራውን የሚያወዛውዘውን ሞተር ፍጥነት ከቀን ወደ ቀን እየጨመርኩ ውዝዋዜውን በሰከንድ 4 ጊዜ አደረስኩት።

ሒሳቤ 0.3 ሲል ደስ አለኝ፤ ገንዳው ግን ሌላ ይናገር ነበር። ጭራው በደህና ሲገፋ ከኋላው የሚተዋቸው ሽክርክሪቶች ግራና ቀኝ ሁለት ረድፍ ሠርተው በመሐላቸው ውሃውን ወደ ኋላ ይወረውራሉ። በውሃው ላይ የጨመርነው ቀይ ቀለም ግን ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ይሄድ ጀመር፤ ሞተሩ የሚበላው ኃይልም ናረ፤ በሦስተኛው ቀን የሞተሩ ጥርስ ተበላ።

ሞተሩን ሲፈታ የነበረው አንጋፋ ቴክኒሺያን ማስመሪያውን ገንዳው ላይ አጋድሞ፣ «ልጄ፣ ይሄ ጭራ ከየት እስከ የት ነው የሚሄደው?» ሲል ጠየቀኝ።

«3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጋሼ።»

«ከመሐል ነዋ! ከዚህ ጫፍ እስከዚያኛው ጫፍስ?»

6 ነበር። ቀመሩ የሚፈልገው ሙሉውን ውዝዋዜ ሆኖ ሳለ እኔ ግማሹን ይዤ ስለነበር፣ 0.3 ያልኩት በእውነቱ 0.6 ነበር። ደብተሬ ላይ «ስፋት» ብዬ ጽፌ ከየት እስከ የት እንደሆነ አለመግለጤ ሞተር አስከፈለን።

አዲሱ ሞተር ሲገጠም ሰንጠረዡን ከራሱ ጀምሬ አረምኩት፤ ከመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ መስመር ላይ 0.15 የሚለውን ሰርዤ 0.3 ጻፍኩ።